የጋሽ ዓባይ የቀለህ ቆጠራ

«ሙሽራዋ ቀይ ናት ጠይም?» አለች ፋጤ።

«የምን ሙሽራ?» አሉ ጋሽ ዓባይ፣ ቀና ሳይሉ።

«የምትገዛላት ነዋ፣ ጋሼ። ለቀይ ሴት ይሄ ዛጎል ያለበት ያምርባታል። ለጠይም ቢጫው ጨሌ። አንተ ግን የአንዱንም ፊት አላየህ፤ ሁሉንም ገልብጠህ ቂጡን ነው የምታየው። ኩል መያዣ በቂጡ ይመረጣል?»

ጋሽ ዓባይ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ገፍተው፣ በእጃቸው የያዟትን ኩል መያዣ ወደ ፀሐይ አዘነበሉና ከሥሯ የተቀረጸውን አነበቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ሠላሳ ዜሮ ስድስት። ጻፍ፣ ብሩኬ» አሉ።

ጻፍኩ። የምጽፈው በልብስ ልኬት ደብተሬ ላይ ነው፤ ከላይ የአንዲት ደንበኛዬ ትከሻና ወገብ አለ፣ ከሥሩ የጋሽ ዓባይ ጥይት።

«አሥራ ሰባት አደረስክ» አለች ፋጤ። «እውነቱን ንገረኝ፣ ስንት ሴት ነው የምታገባው? እናንተ ክርስቲያኖች አንድ አይደለም እንዴ የተፈቀደላችሁ?»

«አሥራ ስምንት» አሉ ጋሽ ዓባይ። «ይሄኛው የቤልጅግ ነው።»

ፋጤ እኔን አየችኝ። እኔ ደብተሬን አየሁ። ከጎኗ ቲማቲም የምትሸጠው ሴት ሚዛኗን አስቀምጣ ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ ዞራ ነበር። እሷ የሰማችውን ነገር ጭሮ ከተማ በሙሉ ለመስማት ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅበትም።

ለማያውቅ ላስረዳ። በእኛ አገር የተተኮሰ ጥይት ቀለህ መሬት ላይ አያድርም። ያገኘው ሰው ያነሣዋል፤ ሴቶቹ አጥበው ወገቡን ቆዳ ያለብሱታል፣ ዛጎልና ጨሌ ይሰፉበታል፣ አፉን በቀጭን የእንጨት ውታፍ ይደፍኑታል። ከዚያ ኩል ተሞልቶ የአንዲት ልጃገረድ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ሰው የተገደለበት ይሁን ጅብ የተሳተበት የሚጠይቀው የለም። ሲያስፈራራ የኖረ ነገር በስተርጅናው ዓይን ያሳምራል።

ጋሽ ዓባይ ደግሞ ጎረቤቴ ናቸው። ግድግዳችን አንድ ነው፤ በወዲህ በኩል በእኔ መኪና ሱሪ ይሰፋል፣ በወዲያ በኩል በእሳቸው መሣሪያ ጥይት ይሞላል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የደጋ አጋዘን ሊያድኑ ከውጭ በሚመጡ ሰዎች ካምፕ ውስጥ ጠመንጃ ጠባቂ ነበሩ። እዚያ አንድ ፈረንጅ የተተኮሰ ቀለህ እንደገና መሙላት አስተማራቸው። ቀለሁ ይታጠባል፣ ቂጡ ላይ ያለችው የተመታች ቆብ ወጥታ በአዲስ ትተካለች፣ ባሩዱ ይመዘናል፣ እርሳሱ አፉ ላይ ይቀመጣል። ሲወራ ቀላል ነው። ሲሠራ ግን በዚያ ክፍል ደጃፍ ማስነጠስ እንኳ ክልክል መሆኑን ሚስታቸው ወይዘሮ ዘውድነሽ ይመሰክራሉ። ፈቃድ አላቸው፤ ፈቃዱንም በመስተዋት አስገብተው ከሠርጋቸው ፎቶ በላይ ሰቅለውታል። ይህ ነገር በዚያ ቤት እስከ ዛሬ ይነሣል።

እና ምን ሆነ፣ ከቦኬ ወደ ቆላው የሚወርደው ቀበሌ የገበሬዎች ማኅበር ከርከሮ መከላከያ አንድ የአደን ጠመንጃ እንዲገዛ ዘንድሮ ተፈቀደለት። ማኅበሩ ለጋሽ ዓባይ ደብዳቤ ጻፈ። በየትኛው ጥይት የሚሠራ ጠመንጃ ቢገዛ ይሻላል፣ ጥይቱንስ እርስዎ ሊሞሉልን ይችላሉ ወይ፣ ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ተገኝተው ያስረዱን ይላል። ማኅተሙ ሰማያዊ ነው። ጋሽ ዓባይ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበቡልኝ።

ደብዳቤውን ይዛ የመጣችው ዑሙልኸይር ናት። የማኅበሩ ኮሚቴ አባል ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምታርሰው፣ ማሳዋም ከጫካው ጥግ ነው። ዓምና ከርከሮ የማሽላዋን ሦስት አራተኛ በልቶ የቀረውን ረግጦባታል። ዘንድሮ ማሽላው እሸት ይዟል። ጋሽ ዓባይ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ፣ ሻይም አልጠጣ ብላ እንዲህ አለች፦

«የአራት ልጅ የዓመት ቀለብ ነው እዚያ የቆመው። ጠመንጃው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ከተኮሰ ተኮሰ። ከዚያ በኋላ ቢተኩስ ለሠርግ ነው።»

ጋሽ ዓባይ ይህን ቃል ከሰሙ ጀምሮ እንቅልፍ የላቸውም። እኔም የለኝም፤ ግድግዳችን አንድ ነው ብያለሁ፣ እሳቸው ሲያስቡ ድምፅ አውጥተው ነው።

«ትንሿ ጥይት ታቆስላለች» ይላሉ። «የቆሰለ ከርከሮ ደግሞ ከጤነኛው ይብሳል፤ ሰው ይዘለዝላል። ትልቋ ለጎሽና ለዝሆን ናት፤ እዚህ ምን ትሠራለች? መካከለኛ ነው የሚያስፈልገው። መካከለኛ ደግሞ ሻጩ ሁለት አለው። አንዱ የቤልጅጉ ስምንት ሚሊ ነው። ሌላው ሠላሳ ዜሮ ስድስት፣ ሰው የኤም ዋን የሚለው። ከርከሮ ለመጣል ሁለቱም ያው ናቸው። ልዩነታቸው ቀለህ ነው፣ ብሩኬ። ጥይት ለሚሞላ ሰው ዋናው ቀለህ ነው። ባሩድ አለኝ፣ እርሳስ አለኝ፣ ቆብ አለኝ። ቀለህ ግን አገሩ ላይ ከሌለ ከየት ይመጣል?»

«አገሩ ላይ የትኛው እንዳለ ማን ያውቃል?» አልኳቸው።

አልጋቸው ሁለት ጊዜ ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ በግድግዳው በኩል፣ «ሴቶቹ» አሉ።

እንግዲህ ፋጤ ፊት ተንበርክከን ቂጥ የምናነበው ለዚህ ነው። ፋጤ ከአሰቦት እስከ መቻራ የሚሠራውን ኩል መያዣ ሰብስባ የምትሸጥ ሴት ናት። እሷ ላስቲክ ላይ የተዘረጋው ባለፈው ስልሳ ዓመት በአገራችን የተተኮሰው ሁሉ ናሙና ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ጋሽ ዓባይ ሌላም ማወቅ ፈለጉ። ቀለህ ውስጡን ሲያዩት፣ ከቆቡ እሳት የሚገባበት ቀዳዳ አንዳንዱ ላይ መሐል ለመሐል አንድ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ሁለት ትንንሽ ነው። አንድ ከሆነ አሮጌውን ቆብ በመርፌ ገፍቶ ማውጣት ይቻላል። ሁለት ከሆነ ሥራው ግብግብ ነው። ስለዚህ የአንዱን ውታፍ ነቀሉና ዓይናቸውን አፉ ላይ ደቅነው ወደ ፀሐይ አንጋጠጡ።

«ኩል አለበት» አለች ፋጤ።

ዘግይታ ነበር። ጋሽ ዓባይ ዓይናቸውን ሲያነሡ ግራው ከቅንድብ እስከ ጉንጭ ጠቁሮ ነበር። በእጃቸው ጠረጉት፤ ሲጠርጉት ተስተካከለ፣ ማለቴ በደንብ ተኳለ። ቲማቲም ሻጯ አንገቷን ደፍታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«አንዱን ብቻ ነው የምትኳለው?» አለች ፋጤ። «ሌላውን ለሙሽራዋ ነው የተውከው?»

«ሙሽራ የለም አልኩሽ እኮ» አሉ ጋሽ ዓባይ፤ አሁን ተቆጥተዋል። «እኔ የምፈልገው ቀለሁን ነው። ለከርከሮ ጥይት ልሞላበት።»

ፋጤ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈችና አየቻቸው። የተቆጣችው አሁን እሷ ናት።

«ቀለህ ነው የምትፈልገው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ቀለህ ነው የምፈልገው አትልም? ከጠዋት ጀምሮ ዕቃዬን እንደ በግ ቂጥ ቂጡን እየጨበጥክ፣ እኔ ደግሞ አላህ ያሳምርልህ፣ ልጅ ይስጥህ እያልኩ ስመርቅህ። ያን ሁሉ ዱዓ አባከንኩት።» ከኋላዋ ያለውን ከረጢት ጎተተችና ፊታቸው ዘረገፈችው። ቆዳ ያልለበሰ፣ ኩል ያልነካው ባዶ ቀለህ ነበር፣ ከስልሳ በላይ። «አብዶ የሚባል ልጅ ከአሰቦት በረሃ እየለቀመ ያመጣልኛል። ውሰድና አይተህ መልስ። የማትፈልገውን አለብሰዋለሁ።»

ጋሽ ዓባይ ከዛሬ አርባ ዓመት በፊት የጠፋ ወንድማቸውን ያገኙ ይመስል ነበር። ከረጢቱን ብቻ አይደለም፣ ቆዳ ከለበሱትም አርባውን ለቅዳሜው ስብሰባ በውሰት ይዘን ሄድን። ፋጤ ስትሰጠን፣ «ከርከሮውን ስትገድሉት ለእኔ እንዳታመጡልኝ» ብላለች።

ወሬው ቀድሞን ደርሶ ነበር። ወይዘሮ ዘውድነሽ በር ላይ ቆመው ጠበቁን።

«አርባ ኩል መያዣ» አሉ።

«ለሥራ ነው» አሉ ጋሽ ዓባይ።

«ዓይንህን ማን ኳለህ?»

«እሱም ለሥራ ነው።»

«በስድሳ ሁለት ዓመትህ የምትኳልበት ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ብሩኬ፣ ደብተር ይዘህ የምትከተለው ሽማግሌ ሆነህ ነው?»

አስረዳሁ። ስለ ከርከሮው፣ ስለ ዑሙልኸይር ማሽላ፣ ስለ አንድ ቀዳዳና ሁለት ቀዳዳ። ወይዘሮ ዘውድነሽ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለጋሽ ዓባይ፣ «ሠላሳ አራት ዓመት አብሬህ ስኖር አንድ ቀን ኩል ገዝተህልኝ አታውቅም። ለከርከሮ ግን ገበያ ወጣህ» ብለው ገቡ። ሳሙናና ውኃ ግን ወዲያው ላኩላቸው።

ውጤቱ ይኸው ነው፤ ደብተሬ ላይ አለ። ከተቆጠሩት አንድ መቶ አራት ቀለሆች ስልሳ አንዱ ሠላሳ ዜሮ ስድስት ናቸው፤ ውስጣቸው የታየው ሁሉ አንድ አንድ ቀዳዳ ነው። ሃያ ስምንቱ የቤልጅግ ናቸው፤ ውስጣቸው የታየው ሁሉ ሁለት ሁለት ቀዳዳ ነው። አሥራ አምስቱ የክላሽ፣ እነሱም ዝገው ለኩልም አይሆኑ። የትልቁ ጥይት ቀለህ አንድም የለም። ከፋጤ ከረጢት ውስጥ ያልተሰነጠቁና በዝገት ያልተበሉ ሠላሳ ሰባት ሠላሳ ዜሮ ስድስቶች ተመርጠው፣ ታጥበው፣ በወይዘሮ ዘውድነሽ ሰፌድ ላይ ፀሐይ ሞቁ። ጋሽ ዓባይ፣ «ጠመንጃው በመጣ በሦስተኛው ቀን ጥይቱ ዝግጁ ነው» አሉ። ሻጩ ደግሞ መካከለኛዎቹ እጁ ላይ እንዳሉና በአራት ቀን እንደሚያደርስ በስልክ ነግሯቸዋል። አራትና ሦስት ሰባት። የዑሙልኸይር ማሽላ ከቅዳሜ ጀምሮ አሥር ቀን ይቀረዋል። ይበቃል። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ለመደመር ግን አልከበደኝም።

ቅዳሜ በሚኒባስ ቦኬ ወረድን። ጋሽ ዓባይ የሠርግ ኮታቸውን ለብሰዋል፤ እኔ ነኝ ያሰፋሁላቸው፣ ሁለት ጊዜ። ኩል መያዣዎቹ በእግራቸው መሐል በዘንቢል ናቸው።

ስብሰባው የማኅበሩ እህል መጋዘን ውስጥ ነው። ሊቀ መንበሩ አብዱናስር የጫት ነጋዴ ነው፤ ደግ ሰው ነው፣ ለቸገረው ቀድሞ የሚደርስ። አንድ ጉድለት ብቻ አለው፦ ስልኩ። ገና ከመቀመጣችን ስልኩን ወደ ጋሽ ዓባይ ዘረጋ። አንድ ወፍራም ፈረንጅ ይተኩሳል፣ አንድ ጎሽ ይወድቃል። ይተኩሳል፣ ይወድቃል። ቪዲዮው ራሱን ይደግማል።

«እያየህ ነው ጋሽ ዓባይ? ጠመንጃ ማለት ይሄ ነው።»

«ጎሽ አላችሁ?» አሉ ጋሽ ዓባይ።

«የለንም።»

«ታዲያ?»

«ቢኖረንስ።» አብዱናስር ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። «አስቀድመህ የላክልንን ወረቀት አንብበነዋል። ማሻአላህ፣ ጥሩ ጽፈሃል። ግን ማኅበሩ የመረጠው ትልቁን ነው።»

«ማኅበሩ ማን ነው?»

«እኛ።»

«ድምፅ ሰጣችሁ?»

«አልሰጠንም። ግን ታውቋል።»

ጋሽ ዓባይ አግዳሚው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ። ሲናደዱ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፤ አሁን በጣም ቀስ አሉ።

«ለምን ትልቁ ተመረጠ?»

«አንደኛ ትልቅ ነው። ሁለተኛ ድምፅ አለው። የመቻራዎቹ ማኅበር ዓምና መካከለኛ ነው የገዛው። የኛ ሲተኩስ እነሱ ዘንድ ይሰማል።»

«ከርከሮው የመቻራ ሰው ነው?»

ከወንበሮቹ በኩል ሳቅ ተሰማ። አብዱናስር ራሱ ሳቀ፤ ግን ሐሳቡን አልቀየረም። እኔን ያበገነኝ ይኸው ነው። ሲከራከር የሚቆጣ ሰው ይሻላል፤ ስቆ እዚያው የሚገኝን ሰው ምን ታደርገዋለህ?

ጋሽ ዓባይ ዘንቢሉን አንሥተው አርባውን ኩል መያዣ ጠረጴዛው ላይ በሰልፍ ደረደሩ። ዛጎሉ፣ ጨሌው፣ ቀዩ፣ ቢጫው። የማኅበሩ ጸሐፊ ሚካል፣ ከኮሌጅ ከወጣች ገና ዓመቷ ነው፣ እስክሪብቶዋን አንሥታ፣ «ይሄ በቃለ ጉባኤ ይገባል?» ብላ ጠየቀች።

«ይግባ» አሉ ጋሽ ዓባይ። «በዚህ አገር ምን ጥይት እንደተተኮሰ የሚናገር መዝገብ የትም የለም። መዝገቡ የሚስቶቻችሁና የእህቶቻችሁ አንገት ላይ ነው። እኔ ቆጥሬዋለሁ። ብሩኬ ጽፎታል። አሁን፣ አብዱናስር፣ ከዚህ ውስጥ የትልቁን ጠመንጃ ቀለህ አውጣልኝ። አንድ ብቻ።»

አብዱናስር ጎንበስ ብሎ አየ። አንዱን አነሣ፣ መለሰው።

«የለም» አለ።

«የለም። ስለዚህ ጥይቱ ከየት ይመጣል?»

«ሻጩ ከውጭ ያስመጣል።»

«በስንት ጊዜ?»

«ሦስት ወር ብሏል።»

«ዛሬ ጥቅምት ነው። በሦስት ወር ጥር ይሆናል። በጥር ማሳችሁ ላይ ምን አለ?»

«የአገዳ ጉቶ» አለ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ገበሬ።

«ትልቁ ጠመንጃችሁ የአገዳ ጉቶ ይጠብቅላችኋል ማለት ነው።»

«ጋሽ ዓባይ፣ ጠመንጃ እኮ አንዴ ነው የሚገዛው» አለ አብዱናስር። «የዘንድሮን ብቻ አትይ። ኃይል ያስፈልጋል።»

«ከርከሮ በትልቁ ጥይት ሲመታ ምን ይሆናል?»

«ይሞታል።»

«በመካከለኛው ሲመታስ?»

«እሱም … ይሞታል።»

«ሁለት ጊዜ የሚሞትበትን መንገድ ነው የምትፈልገው? ሥጋውን እንደሆነ አንተም አትበላው፣ እኔም አልበላው።» ጋሽ ዓባይ ወደ ተሰብሳቢው ዞሩ። «ተኳሻችሁ ማን ነው?»

«ሙሜ» አሉ ብዙዎች።

«ሙሜ፣ እስቲ ቁም።»

ሙሜ ቆመ። የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፣ የማኅበሩ ጥበቃ። ጎበዝ ነው፣ ታማኝ ነው፣ ግን ሸሚዙን የምሰፋለት እኔ ስለሆንኩ መናገር እችላለሁ፤ ከትከሻው ይልቅ የልብስ መስቀያው ይሰፋል።

«እኔ ትልቁን ጠመንጃ የሚተኩሱ ሰዎች አይቻለሁ» አሉ ጋሽ ዓባይ። «እንደ በሬ የደነደኑ ሰዎች። አንዴ ከተኮሱ በኋላ ለሁለተኛው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ትከሻቸው ስለሚያውቀው። ዓይኑን ጨፍኖ የሚተኩስ ሰው ምን እንደሚመታ እናንተ ንገሩኝ። ይሄን ሰው ጠመንጃው ከከርከሮው በፊት ይጥለዋል።»

«እውነት ነው» አለ ሙሜ፣ እንደቆመ። «እኔም ፈርቼ ነው እንጂ ልናገር ነበር።»

መጋዘኑ ሳቀ። ከዚያ ዑሙልኸይር ተነሣችና ስለ ቀኑ ተናገረች፤ አጭር ነበር። «አሥር ቀን ቀርቶኛል። የሽማግሌው ጥይት በሰባት ቀን ይደርሳል። የናንተ በዘጠና። እኔ ትምህርት የለኝም፣ ግን ሰባት ከዘጠና ያንሳል።» ሰዉ «ሐቅ ነው፣ ዱጋ ነው» አለ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። ሚካል እጅ ቆጠረች። ከአሥራ አንዱ የኮሚቴ አባል ዘጠኙ ሠላሳ ዜሮ ስድስትን ደገፈ። አንዱ ተኝቶ ነበር።

ጋሽ ዓባይ መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጉት። እኔ በሆዴ፣ አለቀ አልኩ። ስልኬንም አውጥቼ የመመለሻ ሚኒባስ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ለመጠየቅ አስቤ ነበር። እንዲህ ያለ የዋህ ነኝ።

አብዱናስር የተሸነፈ ሰው ፊት አልነበረውም፤ የተከፋ ሰው ፊት ነበረው። ከዚያ እጁን አነሣ።

«ወንድሞች፣ እህቶች» አለ። «ጋሽ ዓባይ ያለው ትክክል ነው። ዑሙልኸይርም ትክክል ናት። እኔም ትልቁ ይሁን ስል ለማኅበሩ ክብር ብዬ ነው፤ እኔም ትክክል ነኝ። ትክክልና ትክክል ሲጋጭ በስሜት አይወሰንም። ባለሙያ ይጠየቃል።»

«ባለሙያ ጠይቃችኋል» አሉ ጋሽ ዓባይ። «ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጽፋችሁልኛል። እኔ ነኝ።»

«አንተማ የኛ ባለሙያ ነህ። እኔ የምለው ገለልተኛ ባለሙያ ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ዞን እንጽፋለን፤ የትኛው ይሻላል ብለው በጽሑፍ ይመልሱልናል። ነገ ጥያቄ ቢነሣ ማነው የሚጠየቀው? ወረቀት ካለን ወረቀቱ ይጠየቃል።»

ይህን ጊዜ የሆነውን ባላየው አላምንም ነበር። ዘጠኙ እጅ፣ አሁን አየር ላይ የነበረው ዘጠኝ እጅ፣ በየጉልበቱ ላይ አረፈ። አንዱ፣ «ወረቀት ጥሩ ነው» አለ። ሌላው፣ «ኋላ ከመጠየቅ» አለ። ሐሳቡን የቀየረ ሰው የለም። ሁሉም ጋሽ ዓባይ ልክ ናቸው ብሎ እንዳመነ ነው የተዋቸው። ሰው ሲቃወምህ ትከራከረዋለህ። እየተስማማ ጥሎህ ሲሄድ ምን ብለህ ትይዘዋለህ?

እኔ ሰው ስብሰባ ላይ የምናገር አይደለሁም። ግን ተነሣሁ።

«ይቅርታ» አልኩ። «አንድ ሰው ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ፣ ተለክቶ፣ ጨርቁን መርጦ፣ ዋጋውን ተስማምቶ ሲያበቃ፣ ልብስ ሰፊ ሱሪ ይችል እንደሆነ ለመንግሥት ልጻፍ ቢለኝ እኔ መቀሱን አስቀምጬ …»

«ብሩኬ» አለ አብዱናስር፣ በትሕትና። «የማኅበሩ አባል ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ተቀመጥ፣ ወንድሜ። ሻይ አምጡለት።»

ተቀመጥኩ። ሻዩም መጣ። አልጠጣሁትም፤ ያ የእኔ ተቃውሞ ነበር፣ ማንም ግን አላየውም።

ጋሽ ዓባይ ኩል መያዣዎቹን አንድ በአንድ ወደ ዘንቢሉ መመለስ ጀመሩ። «ሃያ ስድስት ዓመት» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ አንድ ጥይት ከሽፎብኝ አያውቅም። ሰው ሳይቆስል፣ ጠመንጃ ሳይፈነዳ። የማላውቀውን አላውቅም ብያለሁ። የማውቀውን ሲጠይቁኝ ቆጥሬ፣ አጥቤ፣ መዝኜ መጣሁ። ሠላሳ ሰባት ቀለህ ቤቴ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። እናንተ ደግሞ ቀለህ አይቶ ለማያውቅ ሰው ልትጽፉ ነው።»

«አትቀየመን፣ ጋሽ ዓባይ» አለ አብዱናስር። ከልቡ ነው። «መልሱ ሲመጣ ያንተ ሐሳብ እንደሚጸድቅ እኔ ራሴ እርግጠኛ ነኝ።»

«እርግጠኛ ከሆንክ ለምን ትጠይቃለህ?»

«እርግጠኛ መሆኔን በጽሑፍ ለማግኘት።»

ሚካል ደብዳቤውን እየጻፈች ጮክ ብላ አነበበች። ጉዳዩ፦ የጥይት ዓይነት ምርጫን ይመለከታል። ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው። በማኅበራችን አባላት መካከል ሁለት ትክክለኛ ሐሳቦች የተፈጠሩ በመሆኑ። እዚህ ላይ አብዱናስር «ጥሩ» አለ።

ዑሙልኸይር አልተቀመጠችም ነበር። «መልሱ በስንት ቀን ይመጣል?» አለች።

«የሚመለከተው ሰው ለሥራ ካልወጣ በሃያ ቀን» አለ አብዱናስር። «ኢንሻአላህ።»

«እኔ አሥር ነው ያለኝ።»

«እናውቃለን እህቴ። ስለዚህ ነው 'በጣም አስቸኳይ' የሚለውን ማኅተም የምንመታበት። ቀዩን።»

ሚካል ቀዩን ማኅተም ከመሳቢያ አውጥታ እፍ አለችበትና መታች። ቀለሙ ደብዛዛ ነበር፤ ደገመችው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንሥታ ከወረቀቱ ግርጌ ላይ አሳረፈች።

«ግልባጭ ለማን ለማን ላድርግ?»

«ለወረዳው» አለ አብዱናስር በጣቱ እየቆጠረ። «ለቀበሌው። አንድ ለፋይላችን። አንድ ለጋሽ ዓባይ፣ ለክብሩ።» ዙሪያውን አየ። «ሌላ የሚመለከተው አካል የቀረ አለ?»

ዑሙልኸይር ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች።

«ለከርከሮው» አለች። «መልሱ እስኪመጣ እንዲታገሥ።»